ዜናው እውነት ነበር፤ የተነገረው ግን ለማን ነው?

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የወሎን ረሃብ ለሕዝብ አሳየ። ፊልሙን የሠራው ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ነው። ደርግ ግን እንዳለ አላቀረበውም፤ በረሃብተኛው ምስል መሃል የቤተ መንግሥቱን ግብርና ድግስ እየሰካ ነበር ያሳየው። በማግስቱ ጠዋት አፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወረዱ።

ስለ ዜና ሳስብ ሁልጊዜ የምነሳው ከዚህ ምሽት ነው። በፊልሙ የታየው እውነት ነበር። የሕፃናቱ አጥንት እውነት ነበር፤ አስከሬኑ እውነት ነበር፤ ድግሱም ቢሆን ማንም ፈጥሮ ያመጣው አይደለም። ዛሬ ሐሰተኛ መረጃ እናጣራለን የሚሉ ባለሙያዎች ምስል በምስል ቢመረምሩት አንዲት ስህተት ላያገኙበት ይችላሉ። ነገር ግን ያው ፊልም በእንግሊዝ አገር ቴሌቪዥን የታየው ጥቅምት 1966 ላይ ነው። በመሃሉ አሥራ አንድ ወር አለፈ። በእነዚያ ወራት ወሎ ውስጥ ሰው መሞቱን አላቆመም። ምስሉ ለአዲስ አበባ ሰው የቀረበው የተራበውን ለማዳን ሳይሆን ንጉሡን ለማውረድ ባስፈለገበት ማታ ነው። ቴሌቪዥንም ያኔ በአመዛኙ የአዲስ አበባ ዕቃ ስለነበር፣ ነገሩ ስለ ወሎ ሆኖ ሳለ አብዛኛው ወሎዬ አላየውም።

ተወልጄ ያደግሁት ደሴ ነው። የምኖረውም እዚሁ ነው። ስለ እኛ አገር የሚነገር ዜና ሲደርሰኝ «እውነት ነው ወይስ ውሸት?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን አይበቃኝም። ለማን ነው የሚነገረው? ለምን ዛሬ ሆነ? ዜናው የሚነካው ሰው ሰምቶት ምን ሊያደርግበት ይችላል? ብዙ ጊዜ መልሱ አንድ ዓይነት ሆኖ አገኘዋለሁ። ስለ ወሎ ይወራል፤ ለወሎ ሰው ግን አይነገርም።

የ1965ቱን እንውሰድ። ረሃቡ የተጀመረው ካሜራ ሲመጣ አልነበረም። ከወሎ በእግራቸው ወደ አዲስ አበባ የተጓዙ ገበሬዎች በፖሊስ እየተገፉ ተመልሰዋል። ከደሴ ወደ ዋና ከተማው በሚወስደው አስፋልት ዳር የተራበ ሰው ተሰልፎ መኪና ያስቆም ነበር። በዚያ መንገድ የሚሄድ አውቶቡስ፣ የጭነት መኪና፣ የመንግሥት ላንድሮቨር ሁሉ አይቶታል። የያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን መጥተው ፎቶግራፍ አንስተው ለተማሪዎቻቸው አሳይተዋል። ስለዚህ «አልታወቀም ነበር» የሚለው ወሬ ትክክል አይደለም። የሚያውቀው ሰው ብዙ ነበር፤ ያወቀውን የሚያትምለት ጋዜጣ ግን አልነበረም። ጋዜጦቹ የመንግሥት ነበሩ፤ ግንቦት 1965 ላይ ደግሞ አዲስ አበባ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን 10ኛ ዓመት ታከብር ነበር። እንግዳ በተጠራበት ቤት ስለ ረሃብ አይወራም።

ከዚያ በኋላ አማርቲያ ሴን የሚባለው ሕንዳዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ የወሎን ረሃብ በቁጥር መረመረው። ያገኘው ነገር እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። በዚያ ዓመት በአገር ደረጃ የተመረተው እህል ያን ያህል አላሽቆለቆለም። ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ የሚያስደነግጥ ጭማሪ አላሳየም። ጭራሽ ከወሎ ወደ ውጭ የሚጫን እህል ነበር። ገበሬው ያጣው መግዣውን ነው፤ ከብቱ አልቆ፣ ማሳው ደርቆ፣ እህል በመኪና ተጭኖ በፊቱ ሲያልፍ የሚቆም ሰው ሆነ። ሴን በኋላ ነፃ ጋዜጣና እውነተኛ ምርጫ ባለበት አገር እንዲህ ዓይነት ረሃብ አይደርስም ብሎ ተከራከረ። ሐሳቡን እቀበለዋለሁ፤ ግን ለእኛ የጎደለን የቱ ዓይነት ጋዜጠኛ እንደሆነ ለይቶ መናገር ያስፈልጋል። የሚሞት ሕፃን የሚቀርጽ ጋዜጠኛ ዘግይቶም ቢሆን መጥቷል። የጎደለን ሰኞ ገበያ ቆሞ «ይህን እህል ማን ጫነው? ወዴት ነው የሚሄደው? ለምን ያህል ተሸጠ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ጥያቄ አያስለቅስም፤ ምስልም የለውም። ሰው የሚያተርፈው ግን እሱ ነበር።

1977 ላይ ነገሩ በሌላ መልክ ተደገመ። በዘመን መለወጫው ሰሞን የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ተመሠረተ፤ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በሰልፍና በቀይ ባንዲራ ተከበረ። የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ቀደም ብሎ መጋቢት 1976 ላይ ለለጋሾች ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ነበር፤ ለጋሾቹም ችላ አሉት፤ በአገር ውስጥም በዓሉ እስኪያልፍ ነገሩ ተሸፍኖ ቆየ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 የቢቢሲው ማይክል ቡየርክና ኬንያዊው ካሜራማን መሐመድ አሚን ከኮረም ያመጡት ዘገባ ተላለፈ። ኮረም ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች። ዘገባውን ከ400 በላይ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች አሳዩት፤ ዓለም ተነቃነቀ፤ ገንዘብና ስንዴ መጣ። በዚያ ምክንያት የተረፈ ሰው ብዙ ነው፤ ይህን አሳንሼ የማይበት አንዳች ምክንያት የለኝም።

ሆኖም የቀረበው ታሪክ ሰማዩ ዝናብ ነሳ፣ ሕዝቡ ተራበ የሚል ነበር። ጦርነቱ በዘገባው ዳር ቀረ። የወታደሩ ዘመቻ፣ የገበያ መዘጋት፣ የገበሬው እህል ለማን እንደተወሰደ ከምስሉ ውጭ ሆኑ። ወዲያው ኅዳር ላይ የሠፈራ ዘመቻው ተጀመረና 600,000 ገደማ ሰው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ተጭኖ ወደ ደቡብ ምዕራብ ተወሰደ። በእኛ ሰፈር ዘመዱ በዚያ ሄዶ የቀረበት ቤት ጥቂት አይደለም። ካሜራው ግን የተራበውን ሰው ሲጠወልግ እንጂ አውቶቡስ ላይ ሲጫን በዚያው ትኩረት አልተከተለውም። የሚለግሰው ሰው የሚፈልገው ታሪክ አንድ ወጥ ነበረና፣ ወሎዬው ፊቱ እንጂ ድምፁ አልተፈለገም።

እነዚህን ሁለቱን ከታላላቆቼ አፍና ከጽሑፍ ነው የማውቃቸው። ሦስተኛውን ራሴ ኖሬበታለሁ።

ከነሐሴ 2013 ጀምሮ ከቆቦ፣ ከወልድያ፣ ከመርሳ የተፈናቀለው ሰው የደሴን ትምህርት ቤቶች ሞልቶት ነበር። በየክፍሉ ጥቁር ሰሌዳ ሥር ፍራሽ ተነጥፏል። ሰው ዜና የሚሰማው ከተፈናቃዩ ነበር፤ የመጣበትን መንገድ በእግሩ ያውቀዋላ። ቴሌቪዥኑ ደግሞ የራሱን ይናገር ነበር። ጥቅምት 20 ቀን 2014 ቅዳሜ የትግራይ ኃይሎች ቃል አቀባይ ደሴን ይዘናል አለ። የፌዴራል መንግሥት ደግሞ ሐሰት ነው፣ ደሴ በእጃችን ናት አለ። የውጭ ዜና ወኪሎች ሁለቱንም መግለጫ ጎን ለጎን አስቀምጠው «ከገለልተኛ ወገን ማረጋገጥ አልተቻለም» ብለው ጨመሩበት። በጋዜጠኝነት ሥርዓት ካየነው ይህ ያስመሰግናል፤ ሚዛኑን የጠበቀ ነው።

እኛ ግን ያን ቀን ሚዛን አልነበረም የቸገረን። ሆጤ ሰፈር ያለችው ጎረቤታችን የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ መድኃኒቷ ከቀዝቃዛ ቦታ ከወጣ ብዙ አይቆይም። ልትወስን የነበረው መውጣትና መቆየት ነው። ከወጣች በየት በኩል? ኮምቦልቻ ደርሳ ማደር ትችላለች? ሐኪም ቤቱ ነገ ይከፈታል? «ደሴ በእጃችን ናት» የሚለውን ሰምታ ቀረች። ከእሷ አጥር ማዶ ያለው ቤተሰብ የሌላኛውን ወገን መግለጫ ሰምቶ ልጆቹን ይዞ በሌሊት ወደ ኮምቦልቻ ወረደ። በማግስቱ የኮምቦልቻም ነገር ያው ሆነና እዚያው ደረሰባቸው። ሁለቱም የሰሙትን ዜና አምነው ነው የወሰኑት።

ያን ቀን የወጡት መግለጫዎች ሁለቱም አድራሻ ነበራቸው። አንዱ የተጻፈው ለአዲስ አበባ ሕዝብ ነው፤ እንዳይደናገጥ። ሌላው ለውጭ መንግሥታትና ለተቃራኒው ጦር ነው፤ እንዲደናገጥ። በደሴና በኮምቦልቻ የነበረውን ሰው የትኛውም አላሰበውም። ማንም «የሐራው መንገድ ተዘግቷል፣ የገራዶው ክፍት ነው፣ ሐኪም ቤቱ የሚያስተናግደው ድንገተኛ ብቻ ነው» ብሎ አልተናገረም። ለዚህ ነው ስለ ሐሰተኛ መረጃ የሚደረገው ውይይት ከተማችን ውስጥ ጉልበት የሚያንሰው። መግለጫ ሐሰት ከመሆኑ በፊት ለእኛ ያልተጻፈ ነው።

በዚያው ሰሞን የውጭ ጣቢያዎች ካርታ እያሳዩ ደሴን «ስትራቴጂካዊ ከተማ» ማለት ጀመሩ። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ወደ ዋና ከተማው የሚወስደው መንገድ በእሷ በኩል ያልፋል። ይህ እውነት ነው። ግን አንድ ከተማ መንገድ ብቻ ሆኖ ሲነገር፣ በውስጡ ያለው ሕዝብ ከዜናው ይወጣል። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ሁሉ «አዲስ አበባ ትወድቃለች ወይ?» ሆነ። ዋና ከተማዋ ዳር ተደርሷል የሚሉ ዘገባዎች ወጡ፤ በዚያ የተቆጣ ሕዝብ ደግሞ በአደባባይ «በቃ» ብሎ ተሰለፈ። የውጭ ጣቢያና የአገር ውስጥ ጣቢያ እርስ በርስ ተፋጠጡ። የሚዲያ ባለሥልጣኑም ለታላላቆቹ የውጭ ድርጅቶች የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈ። ክርክሩ ስለ ክብር፣ ስለ ጣልቃ ገብነት፣ ስለ አድልዎ ነበር፤ ትርጉም የለውም አልልም። ነገር ግን ክርክሩ በተጋጋለበት ሰዓት እኛ ስልክም ኢንተርኔትም አልነበረንም። የሚከራከሩበትን ሰው ማንም ደውሎ ሊያገኘው አይችልም ነበር።

ኅዳር 16 ቀን ደግሞ ስለ ጦርነቱ እንቅስቃሴና ውጤት ከተፈቀደለት አካል በቀር ማንም መረጃ እንዳያሰራጭ ተከለከለ። የጦር ምስጢር መጠበቅ እንዳለበት ይገባኛል። ነገር ግን «መንገዱ ክፍት ነው ወይ?» የሚለው የአንዲት እናት ጥያቄና «ክፍለ ጦሩ የት ነው?» የሚለው የጠላት ጥያቄ በአንድ አዋጅ አብረው ሲታሸጉ የተጎዳው ማን እንደሆነ በዓይናችን አይተናል።

ኅዳር 27 ቀን ከተማዋ ስትመለስ ካሜራዎች መጡ። የተዘረፈው የደሴ ሪፈራል ሆስፒታል፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች፤ ሁሉም ታየ፤ ሁሉም እውነት ነበር፤ መታየትም ነበረበት። ለጥቂት ሳምንታት ወሎ የዜናው ራስ ሆነች። ከዚያ ሌላ ነገር መጣ። የትኛው መሣሪያ ተተካ፣ የትኛው ክፍል ሥራ ጀመረ፣ የዳያሊሲስ ታካሚው የት እየሄደ ነው የሚለውን በየወሩ እየተመለሰ የሚጠይቅ ዘገባ ግን በዋናው ዜና ላይ ቦታ አላገኘም። ውድመቱ ለክስ ያስፈልግ ነበር፤ ጥገናው ለማንም ክርክር አያገለግልም።

የቆቦን ነገር እዚህ ላይ ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ጳጉሜን 2013 ላይ ቆቦ ውስጥ ሲቪሎች ተገደሉ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በሰሜን ጎንደር ስላለችው ጭናና ስለ ቆቦ ግድያ ያጣራውን ያወጣው ኅዳር 2014 መጨረሻ ላይ ነው። ማጣራት ጊዜ እንደሚወስድ አውቃለሁ፤ ምስክር ፈልጎ ማነጋገር፣ የአንዱን ቃል ከሌላው ማመሳከር ቀላል አይደለም፤ ስልክ በሌለበት ደግሞ ይከፋል። የሚያሳዝነኝ በመሃሉ ባሉት ወራት የሆነው ነው። አንዱ ወገን ግድያውን ከነቁጥሩ ለቅስቀሳ ተጠቀመበት፤ ሌላው ወገን ከነአካቴው ካደ፤ የሟች ቤተሰብ ደግሞ ለቅሶውን ሳይጨርስ ምስክርነቱን ለካድሬና ለካሜራ ደጋግሞ ሲሰጥ ከረመ። ስማቸው በትክክል የተጻፈላቸው ስንቶቹ ይሆኑ?

ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የመጣውን እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ። ክፍተቱን ሁለት ስክሪን ሞላው። በአንደኛው፣ አካባቢው ወደ ቀድሞ ሰላሙ ተመልሷል፣ አመራሩ ከነዋሪዎች ጋር ተወያይቷል፣ ፕሮጀክት ተመርቋል። በሁለተኛው ከውጭ አገር በሚተላለፈው የዩቲዩብ ስርጭት፣ ሰበር ዜና፣ ከተማው ነፃ ወጣ፣ ጠላት ተደመሰሰ። የመጀመሪያው በመንግሥት በጀት ይሠራል፤ ሁለተኛው በተመልካች ቁጥርና በስጦታ። ሁለቱም የሚኖሩት ከእኛ በማይመጣ ገንዘብ ስለሆነ፣ ለእኛ የሚጠነቀቁበት ምክንያት አልነበራቸውም።

አሜሪካ ያለው ወንድሜ በስልክ ያገኘኝ ቀን «ሰኞ ገበያ ተኩስ አለ አይደል? አሁን በቀጥታ እየሰማሁ ነው» አለኝ። የቆምኩት እዚያው ሰኞ ገበያ ነበር፤ ሽንኩርት እየገዛሁ። «ሰላም ነው፤ አብሽር» አልኩት። አላመነኝም። ፈርቼ የደበቅሁት መሰለው። በሌላ ቀን ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ፤ ሌሊቱን ሙሉ የተኩስ ድምፅ ስንሰማ አድረን ጠዋት ቴሌቪዥኑ ስለ ችግኝ ተከላ ያወራ ነበር። ወንድሜ ያንን ስነግረው ግን አመነኝ። ከያዘው ታሪክ ጋር ሲገጥምለት ምስክርነቴ ይሠራል፤ ካልገጠመ አይሠራም። በየቤቱ የገባው ጥፋት ይሄ ነው። ስክሪኑ ያየነውን አስክዶናል ማለቴ አይደለም፤ በአንድ እናት ልጆች መሃል ግን አንዱ የሌላውን ዓይን እንዳያምን አድርጎናል።

ወደ ከሚሴ በኩል ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን በአማራ ክልል ውስጥ ነው። መጋቢትና ሚያዝያ 2013 ላይ በአጣየና በአካባቢው ያ ሁሉ ጥፋት ሲደርስ የሁለቱን ክልሎች ጣቢያዎች ያፈራረቀ ሰው የተለያየ አገር ዜና የሰማ ሊመስለው ይችል ነበር። ማን ጀመረ፣ ማን ተጎዳ፣ ማን ታጠቀ የሚለው እንደ ጣቢያው ይለወጣል። የክልል ጣቢያ ተጠሪነቱ ለክልሉ ምክር ቤት ነው፤ በጀቱንም የሚያገኘው ከዚያው ነው። ስለዚህ ዘጋቢው ግለሰብ ቅን ቢሆንም የሚያገለግለው ወሰን አለው። ከሚሴ ገበያ የሚገናኙት ሰዎች ግን በወሰን አይገበያዩም። በወሎ ከቤተሰቡ ሙስሊምም ክርስቲያንም የሌለበት፣ አማርኛም ኦሮምኛም የማይሰማበት ቤት መፈለግ ያደክማል። «የሃይማኖት ግጭት»፣ «የብሔር ግጭት» የሚል ርዕስ ከሩቅ ሲመጣ የሚያርፈው ቡና በአንድ ጀበና በሚጠጡ ሰዎች መሃል ነው። ርዕሱን የጻፈው ሰው ማታ ቤቱ ይገባል፤ እኛ ግን በማግስቱ ከጎረቤታችን ጋር ዓይን ለዓይን እንተያያለን።

በየዜናው መጨረሻ «ባልታወቁ ታጣቂዎች ጉዳት ደረሰ» የሚለውም እንዲሁ ነው። አድራጊው ካልታወቀ ለማወቅ ምን እንደተሞከረ መነገር አለበት። ማንን ጠየቃችሁ? ማን አልመልስም አለ? ይህ ካልተባለ ሰሚው ክፍተቱን በገዛ ጥርጣሬው ይሞላዋል፤ ጥርጣሬው ደግሞ ሁልጊዜ ወደሚያውቀው ጎረቤት ነው የሚሄደው።

ባቲ ሰኞ ሰኞ ትልቅ ገበያ ይቆማል። አፋሩ ከቆላ፣ ኦሮሞውና አማራው ከደጋ ይመጣል። አፋሮች ዳጉ የሚሉት የወሬ ሥርዓት አላቸው፤ ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ። የት ዘነበ፣ የት ሣር አለ፣ ማን ሞተ፣ የት ጠብ ተነሳ። ያየውን ያየሁት ነው ይላል፤ የሰማውን ከማን እንደሰማው ይናገራል። ዳጉ አዛብቶ የተናገረ ሰው በባህሉ ይጠየቃል፤ ከዚያ በኋላም የሚሰማው የለም። ይህን የማነሳው ድሮ ሁሉ ደህና ነበር ለማለት አይደለም፤ ዳጉ ለአገር ፖለቲካ ተብሎ አልተሠራም፤ ሚሊዮን ሰው በአንድ ማታ ለሚሰማው ወሬም አይበቃም። የምወድለት አንድ ነገር ስላለው ነው፦ ተናጋሪው የሚነግረው ከነገ በኋላ በዚያው ወሬ ተመርቶ ከብቱን ለሚነዳ ሰው ነው። ሣር አለ ብሎ ቢዋሽ የሚያልቀው ከብት ይታወቃል፤ የዋሸውም ይታወቃል።

ይህን ሁሉ ስል የእኛው ከተማ ዘጋቢዎችን ለመክሰስ አይደለም። ከአንዳንዶቹ ጋር ቡና እጠጣለሁ። ደመወዛቸው ትንሽ ነው፤ መኪና የላቸውም፤ መንገድ ሲዘጋ እነሱም እንደ እኛው ተዘግተው ይቀመጣሉ። ሕጉ ከጎናቸው ነው፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 አለ፤ አዋጅ 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት አለው ይላል። በተግባር ግን አንድ ወጣት ዘጋቢ ስለ መድኃኒት አቅርቦት ለመጠየቅ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄዶ «መግለጫ እስክንሰጥ ጠብቅ» ተባለ፤ መግለጫው ሲሰጥ ስለ ሌላ ጉዳይ ነበር። ድንበር የለሽ ጋዜጠኞች የተባለው ድርጅት በፈረንጆቹ 2019 ኢትዮጵያን ከ150ኛ ወደ 110ኛ ከፍ ሲያደርጋት ስንት ሰው ተደስቶ ነበር! በ2024 ግን ወደ 141ኛ ወርዳ ነበር። በእነዚህ ዓመታት የታሰረውን፣ የተሰደደውን፣ ሙያውን ትቶ ሱቅ የከፈተውን ጋዜጠኛ አስቡት። ደፋሩ ሲወጣ የሚቀረው መግለጫ የሚያነብ ነው፤ ባዶውን ቦታ ደግሞ ከባሕር ማዶ የሚጮኸው ይይዘዋል።

አባቴ ከደርግ ዘመን ጀምሮ ማታ 3 ሰዓት ላይ የአሜሪካ ድምፅን ይከፍት ነበር፤ በዚያን ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በር ዘግቶ። በኋላ ደግሞ በነፃነት ከፍ አድርጎ። መጋቢት 2017 ላይ አሜሪካኖቹ በራሳቸው ውሳኔ ጣቢያውን ዝም ሲያሰኙት ሬዲዮኑን ይዞ ሞገድ ሲፈልግ አመሸ። «ልጄ፣ የሰው ሬዲዮ ባለቤቱ ሲፈልግ ይዘጋዋል» አለኝ። ለእኛ ከተማ የሚቆረቆር ጣቢያ ከሌላ አገር ግብር ከፋይ እንዲመጣ አርባ ዓመት ጠብቀናል።

የምፈልገው ጋዜጠኝነት ትልቅ አይደለም። ዛሬ ከደሴ ወደ ወልድያ የሚሄደው መኪና ስንት ሰዓት ላይ ተነሳ፣ የት ቆመ፣ ስንት አስከፈለ? ጤፍ ኩንታሉ ስንት ገባ፣ ባለፈው ወርስ? ማዳበሪያው ለተንታ ገበሬ ደረሰ ወይስ መጋዘን ነው? ሆስፒታሉ ውስጥ ኢንሱሊን አለ? ይህን በየቀኑ የሚነግረን ሰው ፖለቲካውንም ሲነግረን እናምነዋለን፤ ምክንያቱም በትንሹ ነገር መርምረን አይተነዋል። «ሰላም ነው» ያለንን ከመኪናው መነሻ ሰዓት ጋር እናስተያያለን። «ከተማው ተያዘ» ያለንንም እንዲሁ። ማንም ፖለቲከኛ በመግለጫ ሊያስተካክለው የማይችለው ዜና ይህ ዓይነቱ ነው፤ የተሳሳተ እንደሆነ በዚያው ዕለት መናኸሪያው ይመሰክርበታል።

እስከዚያው አንድ ሥራ ጀምሬያለሁ። በጥቅምትና በኅዳር 2014 ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ፣ ውጫሌ፣ ኩታበር የነበራችሁ ሰዎች በእነዚያ ሳምንታት የሰማችሁትን ዜና ጻፉልኝ። ስለ ጦሩ እንቅስቃሴ አልፈልግም፤ ስለ ራሳችሁ ነው። በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ሬዲዮ ወይም ከማን አፍ ሰማችሁ? የተባለው ምን ነበር? በዚያ ላይ ተመሥርታችሁ ምን ወሰናችሁ፤ ወጣችሁ፣ ቀራችሁ፣ ልጅ ላካችሁ፣ እህል ቀበራችሁ? ስማችሁን ማንሳት አያስፈልግም። የሆጤዋ ጎረቤቴ የራሷን ነግራኛለች፤ አጥር ማዶ ያሉትም ልጃቸው ጽፎ ሊሰጠኝ ቃል ገብቷል። የሐይቅና የኩታበር ሰዎች ግን እስካሁን አላገኘሁም።